ባዶ የማይቀበለው ሳጥን

የፎገራ ውሃ ሸሽቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር የሚሸት ሽታ አለ። የሩዝ ገለባ፣ የከብት እበት፣ የሞተ ዓሣና እርጥብ አፈር ተደባልቀው ወረታ ድረስ ይመጣሉ። አዲስ አበባ ሳለሁ ይህ ሽታ ይናፍቀኝ ነበር ብል ውሸቴን ነው። ጡረታ ወጥቼ የተመለስኩ ሰሞን እንዲያውም አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነበር የምሄደው፤ ታናሽ እህቴ አለምነሽም «እትዬ የአውሮፕላን ነዳጅ ለምዳ የእኛ ጭቃ ከበዳት» እያለች ጎረቤቱን ታስቅብኝ ነበር። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ግን ያው ሽታ ከአንድ ድምፅ ጋር ተያይዞ መጣብኝ። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፤ ጓያው በእርጥቡ ማሳ ላይ አረንጓዴ ብሏል። የመሬት መዝጋቢዎች ኮምፒዩተር ይዘው መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ጠረጴዛ ዘርግተዋል። እኔ እግሬን ስለሚያመኝ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀምጫለሁ፤ አለምነሽ ከጎኔ ቆማለች። መዝጋቢዋ ልጅ አንድ ነገር ነካች፤ ኮምፒዩተሩ «ጢጥ» አለ። ደግማ ነካች፤ አሁንም «ጢጥ» አለ። «እማማ፣ ይህ ሳጥን ባዶ አይቀበልም» አለችኝ፣ እኔ የሠራሁት ይመስል ወደ እኔ ዞራ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወጣትነቴን የበላው እሱ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ አበባ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ መንግሥትም ተለዋውጧል፣ እኔም ደባልቄዋለሁ። የማስታውሰው ከበሩ ፊት ለፊት የነበረችውን ሻይ ቤት ነው። ሻዩ በስሙኒ፣ ቦምቦሊኖው በስሙኒ፤ በአንድ ሽልንግ ቁርስ በልተህ ሰው ሆነህ ትገባለህ። ዛሬ ወረታ መናኸሪያው በር ላይ አንድ ቦምቦሊኖ ስንት እንደሚሉኝ ብነግራችሁ ደማችሁ ይፈላል፣ ስለዚህ ልተወው። ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ፣ የበሰለ ቲማቲም የሚመስል ኮት ነበረኝ፤ ለብሼው አውቶቡስ ውስጥ ስገባ የሁለት ሰው ቦታ እይዛለሁ ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ከመታጠፊያው ጥግ አንዲት ካሴት ቤት ነበረች። ባለቤቷ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚያስጮኸው፤ እኛም ፎቅ ላይ ሆነን ሳንወድ በግድ ጣታችንን በሱ ምት እንመታ ነበር። አንዳንዴ ዘፈኑ ሲፈጥን ስሕተታችን ይበዛል። አለቃችን ጋሽ ተፈራ መስኮቱን ዘግቶ «እዚህ እስክስታ አይደለም የተቀጠራችሁት» ይለናል። ጋሽ ተፈራ ክርኑ የተጣፈ ግራጫ ሹራብ ነበረው፤ ሐምሌም ግንቦትም እሱኑ ነበር። በልቤ እፈራውም እወደውም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው የበለጠ እወደዋለሁ።

ሥራዬ መተየብ ነው። በየአራት ሳምንቱ ስለ ዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች ከውጭ ለውጥ ይመጣል፤ አዲስ የተከፈተው፣ የተዘጋው፣ አስፋልቱ የተሰነጠቀው፣ መብራቱ የጠፋው። ያን ከመረጃ ቋቱ እናስገባለን። ታዲያ አንድ ማረፊያ ሦስት ዓይነት መጠሪያ አለው። ትኬት ቆራጮች በሦስት ፊደል ይጠሩታል፤ አብራሪዎችና የመቆጣጠሪያ ማማው ሰዎች በአራት ፊደል ይጠሩታል፤ ከዚያ ደግሞ ማረፊያው ያለበት አገር ሁለት ፊደል አለው። የእኛ ባሕር ዳር በአራቱ ኤች፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ፊደላት በእኛ አየር ውስጥ መሆኑን ይናገራሉ። በሦስቱ ደግሞ ቢ፣ ጄ፣ አር ነው። ጄዋ ከየት እንደመጣች እስከ ጡረታዬ ድረስ ጠይቄ የነገረኝ የለም። እዚህ ድረስ ያለውን ሰው ይችለዋል። ጭንቁ የሚመጣው ሁለት መንግሥታት የሚጣሉበት ቦታ ሲመጣ ነው። ማረፊያው አለ፤ አውሮፕላን ይወርድበታል፤ የአገር ሳጥኑ ግን ሁለት ፊደል ካላገባህለት «ጢጥ» ይላል። ባዶ አይቀበልም። የሁለቱን ፊደል ሰንጠረዥ የሚያወጡት ሰዎች ደግሞ ይህ አገር ነው፣ ይህ አይደለም ብለው ራሳቸው አይፈርዱም፤ ስሙን ከተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር ይወስዳሉ። እዚያ ላይ ያለ ፊደል ያገኛል፣ የሌለ አያገኝም። ለማንም አገር የማይሰጡ፣ በኤክስ የሚጀምሩና ሌሎችም ጥቂት ፊደላት ተትተዋል፤ የቸገረው ሁሉ ለራሱ ጉዳይ እንዲጠቀምባቸው ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ድርጅት በኤክስ ያስገባዋል፤ ሌላው በቀድሞው ባለቤት ስም ያስገባዋል፤ ሦስተኛው ለሁሉም ደስ ይበላቸው ብሎ ሁለት ጊዜ ያስገባዋል። አንድ ማረፊያ በአንድ ጊዜ ሦስት አገር ውስጥ አድሮ አይቻለሁ። አስፋልቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እንዲህ ያለው ሲገጥመኝ ወረቀቴን ይዤ ወደ ጋሽ ተፈራ እሮጣለሁ። እሱም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ከማማው ላይ የሚመልሰው ማነው?» አብራሪው በሬዲዮ ሲጣራ «አቤት፣ ና ውረድ» የሚለው ከየት ወገን ነው ማለቱ ነው። የሚመልሰውን ካወቅን የእሱን ፊደል እናስገባለን። «መሬቱ የነሱ ነው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት ገና አዲስ ሳለሁ። «እኔ ዳኛ ነኝ? አብራሪው ነዳጁ እያለቀ ታሪክ አይጠይቅሽም። ድምፅ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ከዚያም ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለችውን ደቂቅ ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ፤ እነዚህ ፊደላት ስለማንም የመሬት ባለቤትነት አስተያየት አይሰጡም የምትል ነበረች። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልገባኝም ነበር። ፊደል ከጻፍክ በኋላ አስተያየት አልሰጠሁም ማለት እንዴት እንደሚቻል ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

ነገሩን ይበልጥ ያምታታብኝ ሳሊም ነው። ሳሊም ለሥልጠና ከሩቅ የመጣ ወጣት ነበር፤ ከምድረ በዳና ከውቅያኖስ መካከል ካለ አገር። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ዛሬም ስሙን የጠራ ሰው አንዱን ወገን ማስቀየሙ አይቀርም። ቡና ዓይነት የኮርዱሮይ ሱሪ ነበረው፣ ሲራመድ ሹክ ሹክ የሚል፤ ሳይታይ በፊት መምጣቱን በሱሪው እናውቅ ነበር። አማርኛን ከካሴት ቤቱ ስለለመደ ሰላምታውም በዘፈን ነበር። የመጣ ዕለት የመታወቂያ ባጅ ሲሠራለት የአገር ሳጥኑ ላይ ምን እንጻፍ ተባለ። «ባዶ ተዉት» አለ። ማሽኑ «ጢጥ» አለ። የትውልድ ከተማው ማረፊያ ከእኛ ቋት ውስጥ ነበረና አውጥተን አየን። ሁለቱ ፊደል አገሩን ለብቻዋ ቆጥሮ የራሷን ሰጥቷታል። አራቱ ፊደል ግን ማማውን የያዘው የጎረቤት መንግሥት ነው። አንድ መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት የማይስማሙ መልሶች ተቀምጠዋል። ጋሽ ተፈራ ብዙ ካሰበ በኋላ ባጁ ላይ ሁለት ኤክስ አስገባለት። ሳሊም አየውና ሳቀ፤ ከዚያ ባጁን ገልብጦ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ሥልጠናውን እስኪጨርስ ድረስ እንደተገለበጠ ነበር የሚያንጠለጥለው። ጥበቃዎቹ መጀመሪያ ይቆጡት ነበር፤ በኋላ ግን ከሩቅ ሲያዩት በሩን ከፍተው ይጠብቁት ጀመር።

በየአራት ሳምንቱ ለውጡ ሲመጣ ሳሊም ከሁላችን ቀድሞ የሚያየው የከተማውን መስመር ነው። ያለውን ለውጥ ጨርሶ አይነግረንም፤ ፊቱን አይተን እናውቃለን። አንድ ቀን ሻይ ቤቷ ውስጥ «የሚመልሰው ባለቤት ከሆነ፣ ሌባም ቤትህ ገብቶ በር ሲንኳኳ አቤት ይላል» አለኝ። እኔም የማውቀውን አንድ ነገር ነገርኩት፤ የፎገራን።

በእኛ አገር ድንበር ከውሃ ጋር ይሄዳል። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ይሆናል፤ ድንጋይ ብትተክል ደለል ይውጠዋል፤ ዛፍ ብታመለክት ጎርፍ ይነቅለዋል። አንዳንዴ ወንዙ ራሱ የድሮ መንገዱን ይተውና በሌላ ይሄዳል። ድንበሩ ወንዝ ከሆነ እንግዲህ ወዲህ የነበረው መሬት አንድ ሌሊት አድሮ ወዲያ ማዶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን በአባቶቻችን ሥርዓት መሬቱ በአደራ ይሰጣል። አደራ ተቀባዩ ከዚያ መሬት ጋር የማይዋሰን ሰው መሆን አለበት። መካከሉ ላይ ችካል ይተከልና ጫፉ ላይ ከውሃ ዳር የሚታጨድ የደንገል እስር ይታሰራል፤ ያየ ሁሉ መሬቱ ገና አልተፈረደም ይላል። መሬቱ እጁ ላይ የተገኘው ሰው ማረሱን ይቀጥላል፣ መሬት ጦም አያድርምና፤ ማረሱ ግን ምስክር አይሆንለትም። ሁለቱም ተካራካሪዎች ደግሞ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ «የእኔ ነው» ላይሉ በታቦቱ ፊት ይምላሉ። ሳሊም ይህን ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ። «ማረሱ ምስክር አይሆንለትም» ብሎ በዚያ በዘፈን አማርኛው ደገመው። «ያንን ነው ከሰንጠረዡ ግርጌ በደቂቅ የጻፉት። እናንተ ግን በችካል አቁማችሁታል» አለ። እኔም በዚያን ዕለት በአገሬ ኮራሁ፤ አንድ ቀን ያ ችካል በእህቴ ማሳ ላይ ይቆማል ብዬ አላሰብኩም።

ቆመ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ፣ የአለምነሽ ባል ከሞተ በኋላ፣ አንድ ክረምት ርብ ዘለለ። ለሁለት ቀበሌዎች ድንበር የነበረው እሱ ነው። አለምነሽ የምታርሳት ማሳ፣ ልጆቿን ያሳደገችባት፣ ሌላ የሌላት፣ ማዶ ሆና አደረች። ማዶ ያለው አያ ጥላሁን ደግሞ አባቱ ያንን መሬት፣ ወንዙ ከዚያ በፊት በዘለለ ጊዜ፣ ያርሱት እንደነበር የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አንድ እሑድ፣ ሌላ እሑድ፣ መቁረጥ አቃተ። በመጨረሻ «ርብ ወይ ይመለስ ወይ እዚያው ይርጋ፤ ወንዙ ይፍረድ» ተባለ። ማሳው ለደብሩ ለመሪጌታ ልሳኑ በአደራ ተሰጠ፤ ችካሉ ተተከለ፤ ሁለቱም ማሉ። አለምነሽ ታርሳለች፣ ከምርቱም ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። ርብ ግን እስከዛሬ አንድ ዓመት ወዲህ፣ አንድ ዓመት ወዲያ እያለ እንደ እኔ ግራ ገብቶት ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ዋርካው ልመለስ። መዝጋቢዋ ልጅ ሕይወት ትባላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ አሰልቺ ሽማግሌዎችን ሁሉ «እሺ አባቴ» እያለች ነው የምታስተናግድ። ከካርታው ላይ ማሳዋን አወጣችና አለምነሽን «እናቴ፣ ይህ መሬት የማን ነው?» አለቻት። አለምነሽ መሬት መሬት እያየች «እኔ አላውቅም» አለች። ሕይወት ወደ አያ ጥላሁን ዞረች። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ «እኔም አላውቅ» አለ። መሪጌታን ጠየቀቻቸው። «በእኔ እጅ ነው እንጂ የእኔስ አይዶለም» አሉ። ልጅቱ ተራ በተራ አየቻቸው። በከተማ እንዲህ ያለ ነገር የት ታውቃለች፤ ሰው መሬት ሲባል ባልዋለበት «የእኔ ነው» ብሎ የሚጮህበት ዘመን ነው። እዚህ ሦስት ሰዎች ቆመው አንዲቷን ማሳ የእኔ ናት አይሉም። «የቀበሌ ሳጥኑስ? የየትኛው ቀበሌ ናት?» አለች። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። «ጢጥ።»

«እንግዲያውስ» አለች ሕይወት፣ እያዘነች፣ «ባለቤት የለኝም ያለውን መሬት ቋቱ የወል ግጦሽ አድርጎ ነው የሚያስገባው። እኛ ደግሞ ነገ ወደ ይፋግ እናልፋለን።» አለምነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ ብድግ አልኩ፤ እግሬን መታመሙንም ረሳሁት። «አንቺ! ተናገሪ እንጂ! የእኔ ነው በይ!» አልኳት። «ምዬ እትዬ፤ በታቦቱ ፊት ምዬ» አለች። «መሬቱን ባጣ እግዜር ያውቃል። መሐላዬን ባጣ ማን ያውቅልኛል?» እንደዚያን ቀን ተናድጄባት አላውቅም። እንደዚያን ቀንም አሳዝናኝ አታውቅም። ጥላሁንን አየሁት፤ እሱም አንገቱን ደፍቷል። አንዱ «የእኔ» ቢል ሌላው ይሸነፋል፤ ሁለቱም ዝም ቢሉ ሁለቱም ያጣሉ፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም አሉ። መሪጌታ ጸሎት ይሁን ቅኔ እንጃ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ነበር።

«ልጄ» አልኳት ሕይወትን፣ «እኔ ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ። ለእንዲህ ያለው ተብሎ የተተወ ፊደል የላችሁም? ላልተፈረደ?» ፈለገች። ከላይ እስከ ታች ተመለከተች። «የለም እማማ። ያሉት ቀበሌዎቹ ብቻ ናቸው።» አለቃዋ ዘንድ ደወለች፤ ጥቂት አዳምጣ ዘጋችው። «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ አሉኝ» አለች። እንዴት ብላ ትምረጥ? ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ያን ጊዜ የጋሽ ተፈራ ግራጫ ሹራብ ፊቴ ድቅን አለ፣ ክርኑ ላይ ያለው እራፊ ሳይቀር። መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ልቤ ዘለለ። «እኔ ልጠይቅ» አልኩ። «አለምነሽ፣ ጎርፉ የመጣ ጊዜ፣ አንቺ እዚያው ማሳው ዳር ካለችው ጎጆ ጣራ ላይ ከነልጆችሽ ሆነሽ ኡኡ ስትዪ፣ አቤት ያለሽ ማነው? ታንኳ ይዞ የመጣልሽ ከየትኛው ወገን ነው?»

ከወዲህ ወገን፣ ከራሷ ቀበሌ ነው ትላለች ብዬ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ስለነበርኩ ጎርፉን በስልክ ነው የሰማሁት፤ «ሰው መጥቶ አወጣን» ብላኝ ነበር፣ ማን ብዬ አልጠየቅሁም። አለምነሽ ቀና ብላ «የመጣ ጥላሁን ነው» አለች።

እጄ አፌ ላይ ቀረ። «ወዲህ ወገን ውሃው ቆርጧቸው መምጫ አልነበራቸው» አለች፣ ልትከላከልላቸው። «እሱ ነው በታንኳ የመጣ። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ። ያን ጊዜ እኮ በዚሁ መሬት ሽማግሌ ላይ ነበርነ።» ጥላሁን ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «እንግዲህ ሰው ሲጮህ ምን ይባላል» አለ፣ እንደሚያፍር ሰው። በጋሽ ተፈራ ሕግ መሠረት እንግዲህ፣ እኔ ራሴ ባመጣሁት ሕግ፣ ማሳዋ የጥላሁን ቀበሌ ናት ማለት ነው። እህቴን ላድን ተነሥቼ እህቴን አሳልፌ ሰጠሁ። ምን ልበል? ወንበሬን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አቤት ላለ ጻፊው፤ መጻፉ ግን ምስክር አይሆንለትም። ማረስ እንደማይሆን ሁሉ። ይህን እኔ በአደራዬ እናገራለሁ፤ ሁለታችሁም ስሙኝ» አሉ። ሁለቱም «ሰምተናል፣ አንቱ እንዳሉ» አሉ። ሕይወት የጥላሁንን ቀበሌ አስገባች። ኮምፒዩተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ቀጥላ «የባለይዞታ ስም» አለች። ይህን እኔ ረስቼው ነበር፤ ሌላ ሳጥን መኖሩን። ሁላችንም ጥላሁንን አየነው። ቀበሌው የእሱ ነው፤ አሁን ስሙ ቢገባ ማን ይከለክለዋል? ጥላሁን ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «የእኔ ነው አላልኩም» አለ፣ ቃል በቃል እየመረጠ። «የሷ ነውም አላልኩም። ምያለሁ። ስም ከተፈለገ ግን የሚያርስ ሰው ስም ይጻፍ። አለምነሽ ናት።» ሕይወት ጻፈች። «ጢጥ» አለ፣ ቀይ ጽሑፍም ወጣ። «የመሬቱ ቀበሌና የባለይዞታዋ ቀበሌ አይገጥሙም ይላል። ልቀጥል?» ብላ ጠየቀች። የሳሊም ከተማ መስመር ነው የታየኝ፤ ሁለቱ ፊደል አንድ አገር፣ አራቱ ፊደል ሌላ አገር፣ ጎን ለጎን። «ቀጥዪ ልጄ፤ አውሮፕላኑ ያርፋል» አልኳት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የዕድሜ ነገር ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ሳሊም ሥልጠናውን ጨርሶ ሲሄድ የካሴት ቤቱን ዘፈን እያፏጨ ነበር ደረጃውን የወረደው፤ ባጁን መልስ ሲሉት እንደተገለበጠ ነው ያስረከበው። ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማሁም። ከዋርካው በተመለስን ማግስት በስልኬ የከተማውን ማረፊያ ፈለግሁት። ሁለቱ ፊደል አሁንም የራሱ ናቸው። አራቱ አሁንም የሌላ ናቸው። ከየት እንደሚመጣ ያላወቅሁት እንባ መጣብኝ፤ ደስታ ይሁን ሐዘን ለራሴም አልለይ አለኝ።

ስለ እህቴም እንደዚያው ነኝ። የይዞታ ደብተሩ ፎቶዋ ተለጥፎበት መጥቷል። አተረፈች? ከሰረች? መሬቷ በእሷ ስም ሆኖ በሰው ቀበሌ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ የጥላሁን ልጆች አንድ ነገር ቢያነሡስ? ወይስ በሰው ቀበሌ ቢሆንም በስሟ መሆኑ ይበልጣል? ሌሊት ሌሊት አወጣለሁ አወርዳለሁ። ለአለምነሽ ስነግራት «እትዬ፣ አንቺ ጡረታ አልወጣሽም እኮ፤ አሁንም ፊደል ትለቅሚያለሽ» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ማሳው አብሬያት ሄድኩ። ጭቃው ደርቋል፣ ሽታውም ቀንሷል። ጓያው መካከል ያ ችካል ቆሟል፤ የደንገሉ እስር ግን ዝናቡና ነፋሱ ጨርሰውት ሁለት ሦስት ጭራ ብቻ ቀርቶት ነበር። አለምነሽ ከዳር አዲስ ደንገል አጭዳ መጣች። ያረጀውን ፈትታ ጣለች፤ አዲሱን ጠቅልላ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ማሰር ጀመረች። «ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «ደብተር አለሽ አይደል?»

ቋጠሮውን በጥርሷ አጥብቃ ቀና አለች፤ እኔን እንደ ሕፃን ልጅ እያየች። «ደብተሩንስ ኮምፒዩተሩ ሰጠኝ» አለች። «ወንዙ መች ፈረደ?»